የሚተነፍሰው ጉብታ

ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ። ሱቄ ያለችው ከተማው አልቆ ኮረብታው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው፤ በፊት ለፊት በር ስወጣ አስፋልት፣ በጓሮ በር ስወጣ ጫካ። ከጫካው ውስጥ በአፈር መንገድ እየተምዘገዘጉ የሚወርዱ ብስክሌተኞች ሁሉ መጨረሻቸው እኔ ጋ ነው። አንዱ የተጣመመ ቸርኬ፣ አንዱ የተበጠሰ ካቴና፣ አንዱ የተላጠ ጉልበት ይዞ ይመጣል። ጉልበት አልጠግንም እንጂ ሌላው እጄ ከገባ የት እንደወደቀ፣ ምን ላይ እንዳረፈ ባለቤቱ ሳይነግረኝ አውቃለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ አንድ የአፈር ቁልል ነው። «ስለ አፈር ደግሞ ምን ይወራል?» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሰኝ። ነገሩ እናንተም ቤት ሳይኖር አይቀርም።

ኮረብታው ላይ ያለውን መንገድ የሠሩት ነጂዎቹ ራሳቸው ናቸው። መታጠፊያው ላይ ጎማ እንዳይንሸራተት አፈሩን እንደ ግድግዳ ያቆሙታል። የዝናብ ውሃ መንገዱን እንዳይበላው በጎን ቦይ ያወጡለታል። ደግሞ ጉብታ ይሠራሉ፤ ብስክሌቱ ተንደርድሮ ይወጣበትና አየር ላይ ተንሳፎ ማዶ ያለው ማረፊያ ላይ ያርፋል። ይህ ሁሉ አንዴ ተሠርቶ የሚተው ነገር አይደለም። ዝናብ ይሸረሽረዋል፣ ፀሐይ ዱቄት ታደርገዋለች፣ ጎማ ይቦረቡረዋል። ስለዚህ በየሳምንቱ አካፋ ይዞ መውጣት፣ የጎደለውን መሙላት፣ ውሃ ማርከፍከፍ፣ መጠቅጠቅ የግድ ነው።

ይህን ሥራ የጀመረውን ሰው «ዶማው» እንለው ነበር። ጥፍሩ ሥር አፈር ጠፍቶ የማያውቅ፣ ሲስቅ ሱቄ ድረስ የሚሰማ ሰው። ሕጉ አንዲት ነበረች፦ ያልቆፈረ አይነዳም። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ውድ ብስክሌት ይዞ፣ ነጭ ጓንት አጥልቆ መጣ። ዶማው ሰላም እንኳ ሳይለው አካፋ አቀበለው።

«እኔ እንኳ ለመንዳት ነበር የመጣሁት» አለ ሰውዬው።

«እኔም ላስነዳህ ነው። በል ያቺን ቦይ ጥረጋት።»

እስከ ቀትር አስጠረገው። ሰውዬው ጓንቱ ጭቃ ለብሶ፣ ወገቡን ይዞ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቀርቶ አያውቅም።

ዶማው ሞተ። ብስክሌት አይደለም የገደለው፤ ሳንባው ነው፣ አልጋው ላይ፣ ሚስቱ አንድ እጁን፣ ታናሽ ወንድሙ ሌላውን ይዘውት። ከመታመሙ በፊት መጨረሻ የሠራው መንገዱ ከጫካ የሚወጣበት ቦታ ያለውን ትልቁን ጉብታ ነበር። ከታናሽ ወንድሙ ጋር ሁለቱ ብቻ ሆነው ነው የሠሩት። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያን የሚያህል ጉብታ ኮረብታው ላይ አልተሠራም።

ከቀብር መልስ ነጂዎቹ ተሰብስበው አንድ ነገር ተስማሙ። የዶማውን የመጨረሻ ሥራ ማንም በአካፋ እንዳይነካው፤ እጁ እንደተወው ይቀመጥ አሉ። የሌላውን መንገድ ሁሉ ይጠግናሉ፤ እዚያ ሲደርሱ አካፋቸውን አስቀምጠው ባዶ እጃቸውን ያልፋሉ። ከመዝለላቸው በፊት ደግሞ እየወረዱ የጉብታውን ጎን በመዳፋቸው ይነኩታል። ከጊዜ በኋላ የተነካው ቦታ እንደ በር እጀታ ያብረቀርቅ ጀመር። ታናሽ ወንድሙ ሥራዬ ብሎ ጠባቂ ሆነ፤ ስሙም «ዘበኛው» ሆኖ ቀረ። የምን ፍቅር ነው ይህ ብዬ እኔም መጀመሪያ ልቤ ተነክቶ ነበር፤ አልዋሻችሁም።

ዓመታት አለፉ። አንድ ብርዳም ጠዋት ዘበኛው ፊቱ አመድ መስሎ ሱቄ ገባ።

«እትዬ፣ ይተነፍሳል» አለኝ።

«ማን?»

«ጉብታው።»

ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል ክንዴን ይዞ ወደ ጓሮ በር ጎተተኝ። ተያይዘን ወጣን። ጉም ጫካውን ሞልቶት ነበር፤ ከአንዱ ዛፍ ወዲያ ሌላውን ዛፍ ማየት አይቻልም። ወፍ የለ፣ ነፋስ የለ። ጉብታው ጋ ስንደርስ በጎኑ ካለች ስንጥቅ ቀጭን ነጭ እንፋሎት ቀስ እያለ ይወጣል። ይቆማል። ደግሞ ይወጣል። እጄን ዘርግቼ ነካሁት። በዚያ ውርጭ፣ ሣሩ ሁሉ ነጭ ሆኖ፣ አፈሩ ይሞቃል፤ የተኛ ሰው ጎን እንደሚሞቀው ዓይነት።

«አየሽ?» አለኝ በሹክሹክታ። «እዚህ ነው ያለው። ትቶን አልሄደም።»

ቁልቁል ስንወርድ አንድ ሁለቴ ዞር ብዬ አየሁት።

ከዚያ ድምፁ መጣ። ጎማ ጉብታው ላይ ሲወጣ «ዱም» ይላል፤ እሺ፣ ይበል። ነጂው ዘሎ፣ ማዶ አርፎ፣ ርቆ ከሄደ በኋላ ግን ከጉብታው ውስጥ ሌላ «ዱም» ይከተላል። የመጀመሪያው የጎማው ነው። ሁለተኛውስ የማነው? ሰዉ ሁሉ «መለሰልን» ይል ጀመር። ሆዱ የባሰው እየመጣ ስንጥቋ ላይ አፉን አድርጎ ጉዳዩን ይነግረዋል። አንዷ ለፈተና ስትቀመጥ፣ አንዱ ከሚስቱ ሲጣላ። ከሥሩ ደግሞ ነጫጭ እንጉዳይ ዙሪያውን በቅሎ ጣት መሰለ። እሱንም «አትንኩት» ተባለ።

በክረምቱ መጨረሻ አንድ እንግዳ ነጂ እዚያው ላይ ወደቀ። አፋፉ ከፊት ጎማው ሥር ሸሸበትና በአፍጢሙ ተደፋ፤ የትከሻ አጥንቱ ተሰበረ። «መዳፉን ሳያስነካ ዘሎ ነው» አሉ ነጂዎቹ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፣ ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። ብስክሌቱ ግን እኔ ጋ መጣ። የፊት ጎማውን በያዘው ሹካ ላይ የተለጠፈውን ጭቃ ስፍቅ፣ ጭቃ አይደለም። ጥቁር፣ እርጥብ፣ በጣት ሲይዙት የሚበጣጠስ እንጨት ነው። ሽታው የከረመ ምድር ቤት ሽታ ነው። ከዚያ ጉብታ ውስጥ እንጨት ምን ሊሠራ ይመጣል ብዬ ቡትቶ ላይ አስቀመጥኩት።

በዚያው ሰሞን የዶማው ልጅ ፍሬኗን ልታሳይ መጣች። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ መታጠፊያ ላይ ስትወረወር የሚያያት «ወንጭፍ» ነው የሚላት። ሁሉንም መንገድ ትነዳለች፣ የአባቷን ጉብታ ግን ዘላው አታውቅም። እናቷ «እኔ ቆሜ አይሆንም» ብላት ኖራለች።

«እትዬ፣ ፍሬኑን አጥብቀው ይሥሩልኝ» አለችኝ። «እሁድ አባቴ የሞተበት ቀን ነው። እኔ ነኝ መጀመሪያ የምዘለው፤ ሌላው ከኋላዬ።»

«እናትሽስ?»

«አልነገርኳትም።» ጣቷን በጎማው ቀጫጭን ሽቦዎች ላይ አንሸራሸረች። ቀጥላ «ትናንት አጠገቡ ቆሜ ነበር» አለች። «ማንም ሳይዘልበት ሁለቴ አንኳኳ። እትዬ፣ እየጠራኝ ነው። ይኸውልዎት፣ ቤት ውስጥ ድምፁን እየረሳሁት ነው። እዚያ ግን እሰማዋለሁ።»

የሚጠራት ነገር አባቷ ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር፤ እንግዳውን ሰውዬ የጣለው ግን ያው ጉብታ ነው። ፍሬኑን እንደዚያ ቀን አጥብቄ ሠርቼ አላውቅም።

ልጅቱ እንደሄደች ሱቄን ዘግቼ እናቷ ጋ ሄድኩ። ልብስ ሰፊ ናት። ቤቷ አንድ ክፍል ነው፤ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪና፣ ወለሉ ላይ የጨርቅ ቁርጥራጭ፣ በሩ ጥግ የዶማው አካፋ ቆሟል፤ ስለቱ በሥራ ብዛት ተበልቶ ግማሽ ቀርቷል። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። እግሯ መርገጫው ላይ ቆመ።

«ስሚኝ እህቴ» አለችኝ። «እኔ ባሌን የቀበርኩት የት እንደሆነ አውቃለሁ። እዚያ አይደለም። በየሳምንቱ አበባ የማደርግለት ሌላ ቦታ ነው።»

«ይሞቃል እኮ! በእጄ ነክቼዋለሁ።»

«የጎረቤቴ የፍግ ክምርም ይሞቃል። ጠዋት ጠዋት ይጨሳል። እሱንም ሄደን እናልቅስለት?»

ሳቄን ልይዘው አልቻልኩም፤ እሷም ሳቀች፣ ከዚያ በጨርቅ ቁርጥራጭ ዓይኗን ጠረገች። እኔ ግን ሳቄ ሳያልቅ ያ ቡትቶ ላይ ያስቀመጥኩት ጥቁር እንጨት ፊቴ ላይ ድቅን አለ። የሚበሰብስ ነገር ይሞቃል። በስብሶ ሲያልቅ ቦታው ባዶ ይሆናል። ብድግ አልኩ።

«አካፋውን ልውሰደው?» አልኳት።

«ውሰጂው። ሥራ ፈቶ ከተቀመጠ ቆየ።»

ዘበኛውን ጉብታው ጋ አገኘሁት፤ ጀርባውን ለሙቀቱ ሰጥቶ ተቀምጧል። አመሻሽ ነበር፣ ጉሙ ከሸለቆው መውጣት ጀምሯል።

«ከወንድምህ ጋር ይህን ስትሠሩ ውስጡ ምን ከተታችሁ?» አልኩት።

ዓይኑን ወደ ሸለቆው መለሰ።

«አንተን እኮ ነው!»

«ግንድ» አለ በመጨረሻ። «እዚህ ቦታ አፈር የለም፣ ሁሉ ድንጋይ ነው። ድንጋዩን መፈንቀል ከበደን። ነፋስ የጣላቸው ግንዶች ነበሩ፤ እነሱን ደረደርን፣ ቅርንጫፍ ሞላንባቸው፣ ከላይ አፈር አለበስነው።»

«ግንድ እንደሚበሰብስ ዶማው አያውቅም?»

«ኧረ ያውቃል። 'ለጊዜው ነው' ብሎኛል። 'ሳይበሰብስ አፍርሰን በድንጋይ እንሠራዋለን' ብሎኛል። ከዚያ ታመመ።»

«ታዲያ አንተ ምን ነካህ? ይህን ሁሉ ዓመት እያወቅህ!»

ቀና ብሎ ሲያየኝ ዓይኑ የልጅ ዓይን ሆኗል። «እየሞቀ ነው እትዬ» አለኝ። «እሱ አልጋው ላይ እጄ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ነበርኩ። ይህ ግን ይሞቃል። እንዴት አድርጌ በአካፋ ልምታው?»

አካፋውን መሬት ላይ ተከልኩት። «የእሱ ልጅ እሁድ ትዘልበታለች!» አልኩት። «ገብቶሃል? ወንድሜን አልነካም ስትል ልጁን ልትቀብርበት ነው!»

«እስከ ዛሬ ሁሉም ዘልሏል። አይጥላትም፣ ልጁን አይጥልም» አለና ተነስቶ ጉሙ ውስጥ ገባ። ለነጂዎቹ ብናገር ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። «እትዬ ቸርኬሽን አቅኚ» ያለኝም አለ። ልጅቱ ራሷ «እርስዎ በአባቴ ይቀኑበታል» ብላ በሩን ዘጋችብኝ።

እሁድ ጠዋት ጉሙ ከሁሉ ቀን ባሰ። ሰዉ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፏል፤ ራሱን እንጂ እግሩን አታዩትም። ማንም ጮክ ብሎ አያወራም። እኔ የዶማውን አካፋ ይዤ ከጉብታው ሥር ቆሜያለሁ። ያሰብኩት መንገዱ መሃል ልቆም ነበር፤ ሁለት ጎረምሶች ግን ክንዴን ይዘው «እባክዎ እትዬ፣ ዛሬን እንኳ» ብለው ወደ ዳር ሳቡኝ። ዘበኛው በወዲያኛው ጎን ቆሞ መዳፉን ጉብታው ላይ አድርጓል። እንፋሎቱ በጣቶቹ መሃል ይወጣል።

ከላይ ፊሽካ ተነፋ። ልጅቱ ተነሳች ማለት ነው። አናያትም፤ የጎማዋን ድምፅ ብቻ ነው የምንሰማው፣ ከጉሙ ውስጥ፣ መጀመሪያ እንደ ሹክሹክታ፣ እየቀረበ፣ እየጠነከረ። የመጀመሪያውን መታጠፊያ ጨረሰች። ሁለተኛውን።

ያኔ ጉብታው «ዱም» አለ።

ማንም አልነካውም። ማንም አልዘለለበትም። «ጠራት!» አለች አንዲት ሴት፣ «ልጁን ጠራት!» ሰዉ ሁሉ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። እኔ ግን የማየው ዘበኛውን ነበር። መዳፉ እዚያው ነበርና ድምፁን በእጁ ሰምቶታል። ፊቱ ተለዋወጠ። ግንዱን ተሸክሞ የከተተ እሱ ነው፤ የሚሰነጠቅ ግንድ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ወደ እኔ ተወርውሮ አካፋውን ከእጄ ነጠቀ። ጎረምሶቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ጉብታው ላይ ወጥቶ ጫፉ ላይ ቆመና አካፋውን ከራሱ በላይ አንስቶ፣ እንደ እብድ እየጮኸ፣ መታው።

አንዴ ብቻ ነው የመታው። ምድሪቱ አፏን ከፈተች። ዘበኛው እስከ ደረቱ ድረስ ገባ፣ ነጭ እንፋሎት በዙሪያው ቡልቅ አለ፣ ያ የምድር ቤት ሽታ ሁላችንንም አፍንጫችንን አስያዘን። በዚያው ቅጽበት ልጅቱ ከጉሙ ወጣች። ፊት ለፊቷ ከመሬት የበቀለ ራስና አካፋ የያዘ ክንድ አየች። ፍሬኑን ጨመቀችው። ብስክሌቱ በጎኑ ተንሸራትቶ፣ አፈር እየፈነጠቀ፣ ከተከፈተው ጉድጓድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመ። ያ ፍሬን ባይዝ ኖሮ ዛሬ ይህን አላወራችሁም።

ዘበኛው በነጻ እጁ ጉድጓዱን ዳሰሰ፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች፣ የጠፋበት ነገር እንደሚፈልግ ሰው። ከዚያ እጁን አወጣ። ጥቁር ብስባሽ በጣቶቹ መሃል ይፈሳል።

«ባዶ ነው» አለ። «እዚህ ማንም የለም።» ከዚያ በኋላ አለቀሰ፤ በቀብሩ ቀን ያላለቀሰውን ሁሉ።

ልጅቱ ብስክሌቷን ጥላ ተንበረከከችና እጇን ከአጎቷ እጅ አጠገብ ከተተች። «ይሞቃል» አለች ቀስ ብላ። ትንሽ ቆይታ አካፋውን ከእጁ ወሰደችለት። «አጎቴ፣ ውጣ በል። እንቆፍር።»

ያን ቀን ማንም አልነዳም። ጉብታውን እስከ መሠረቱ ገለጥነው። ከቀትር በፊት እንፋሎቱ ቆመ፤ ብስባሹም እንደማንኛውም አፈር ቀዘቀዘ። የሚያስፈራው ነገር ያኔ ነው በደንብ የታየኝ፤ በየቀኑ ስንት ሰው ይዘልበት የነበረው ጣሪያ ውፍረቱ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም ነበር፤ ሁለተኛው «ዱም»ም ለካ የላላው ግንድ ከተረገጠ በኋላ ወደ ቦታው ሲመለስ ነው። ከዚያ ዶማው ባለው መንገድ ተሠራ። ድንጋዩ ተፈንቅሎ ከሥር ተደረደረ፤ ከታች ከቦዩ የሸክላ አፈር በእጅ ጋሪ ወጣ፤ እየተነጠፈ፣ ውሃ እየተርከፈከፈ፣ እየተጠቀጠቀ። ሳምንታት ፈጀ። ሲያልቅ ልብስ ሰፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ መጣች፤ ዙሪያውን ዞራ አየችውና በጫማዋ ጫፍ መታ አደረገችው። «አሁን የእሱ ሥራ መሰለ» አለች። ልጇም እናቷ እያየቻት ዘለለች።

እንግዲህ እናንተም አስቡበት። አባት የገነባው ጣሪያ፣ አያት ያቆመው አጥር፣ የሞተ አለቃ የጀመረው ሥራ በየቤታችን አለ። «እጁ እንደተወው ይቆይ» እንላለን፤ እንሳለመዋለን፣ እንዳስሰዋለን፣ ምስማር እንዳንመታበት እንሳሳለታለን። ከውስጥ ግን ይበሰብሳል፣ ከሥሩ የሚያልፉት ደግሞ የሟቹ ልጆች ናቸው። የወደዳችሁትን ሰው ሥራ አትፍሩት። ክፈቱት፣ እዩት፣ የጎደለውን ሙሉ። ዶማው የተወልን ያን የእንጨት ክምር አልነበረም፤ የተወልን አካፋውን ነበር፣ እኛ ግን በር ጥግ አቁመነው ኖርን።

ዘበኛው አሁንም ብርድ በሆነ ጠዋት ይወጣል። መዳፉን ጉብታው ላይ ያደርጋል፤ ቀዝቃዛ ነው። ትንሽ ይቆማል፣ ከዚያ ያን የተበላ አካፋ አንስቶ ሌሊት ዝናብ የቦረቦረውን ይደፍናል። እኔም አንዳንዴ አብሬው እወጣለሁ። ነጂ ሲያልፍ ጉብታው «ዱም» ይላል። ሁለታችንም ሳንነጋገር ጆሯችንን አቁመን ሁለተኛውን እንጠብቃለን። አይመጣም። ከዚያ ወደ ሥራችን እንመለሳለን።